ስኳር ነካ አድርጎኛል

ማርች 24፣ ሰኞ

ቁርስ፦ ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ቁራሽ የበቆሎ ዳቦ። ምሳ፦ ሰላጣ። እራት፦ የተቀቀለ ዶሮ።

ውሸት። ይሄ ለክሊኒኩ በማስረክበው ደብተር ላይ የጻፍኩት ነው። "የበላችሁትን ሁሉ ጻፉ" ብለው በቤተ ክርስቲያን በኩል ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ደብተር ላኩልን። አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ መለዋወጫ። መለዋወጫውን ለራሴ አደረግኩት። እዚህ ማንም ስለማያየኝ እውነቱን ልጻፍ… የበቆሎ ዳቦው ሙሉ ነበር፣ ቅቤ ተቀብቶ። ሰላጣ የሚባል ነገር ቤቴ ደጃፍ አልደረሰም። እራት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ እህት ላቨርን የጠበሰችው ዓሣ። ከላዩ የበረዶ ሻይ፣ ከነስኳሩ። ስንት ብርጭቆ? እኔ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ማሳው ሁሉ ጭቃ ሆነ፤ የሚሲሲፒ ጭቃ ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። መውጣት የለ፣ መቀመጥ አቃተኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳ ሰው ጡረታ ሲወጣ እግሩን የት ያድርገው? የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሁሉ አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ደግሞ አወጣሁ።

ነገ የክሊኒኩ ሰዎች ይመጣሉ።

ማርች 25፣ ማክሰኞ

"አጋርነት" ይሉታል። ፓስተር ዊልበርን ቃሉን ሲጠሩት አፋቸው ይሞላል። "ቤተ ክርስቲያናችንና ክሊኒኩ አጋር ሆነዋል!" እስካሁን እንደገባኝ አጋርነት ማለት እነሱ ወረቀት ያመጣሉ፣ እኛ ወንበር እንደረድራለን። አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። ማን መረጠኝ? ያው "ዝም ብላ መቀመጥ የማትችለው እሷ ናት" ተባለና ቀረ።

ነርሱ ማርሴለስ ይባላል። ጥቁር ነው፣ የእኛው ሰው፣ ግን የከተማ ልጅ፣ የጃክሰን። አርባ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። ራሰ በራ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በዚህ የስኳር በሽታ እግር ስሜቱን አጥቶ ቁስሉ እንደማይታወቅ፣ ከነጮቹ ይልቅ እኛ ብዙ እግር እንደምንቆረጥ ነገረን። ላቨርን ጣልቃ ገባች፦

"ለዚህ ጥናት ያስፈልጋል እንዴ? እሑድ መጥተህ የፊተኛውን ረድፍ እይ። ዊልቸር ብቻ ነው።"

ከዛ ቅጽ አስሞላን። ሠላሳ ስድስት ሰው። "ዲያቤቲስ አለብዎት?" ለሚለው ሠላሳ ስድስታችንም "የለብኝም"። ማርሴለስ ወረቀቶቹን ገለበጠ። እንደገና ገለበጠ።

"ሚስ ቨርኔል… ይሄ እኮ ሊሆን አይችልም።"

ሳቄ መጣ። ተነሥቼ በአውቶቡስ ድምፄ ጮህኩ፦ "ስኳር ያለበት እጁን ያውጣ!"

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። "እኔን ነካ አድርጎኛል።" "እኔንም ነካ።" "እናቴንም ነካ አድርጓት ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።" ላቨርንማ ጭራሽ፦ "እኔ ያለብኝ ስኳር ነው እንጂ ዲያቤቲስ አይደለም። ዲያቤቲስ መርፌ የሚወጉት ሰዎች ነው!" አለችው። ራሷ በቀን ሁለቴ ትወጋለች።

ማርሴለስ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን አሸ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሳቀ። "አያቴም እንደዚሁ ነበር የምትለው። ምን ነክቶኝ ነው የረሳሁት?" አለ። ያኔ ወደድኩት።

እጁን ያላወጣ አንድ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ ዲያቆን ሆሴዕ። እኛ ቤት ስሙ ቡባ ነው። በሩ ጋ ተቀምጧል፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

"ቡባ፣ አንተስ?"

"አርፈሽ ተቀመጪ፣ ቨርኒ።"

እኔ ማረፍ ባውቅማ…

ማርች 30፣ እሑድ

ቡባ ቁጭ ብሎ ዘመረ። አርባ ዓመት ሙሉ ወፍራሙን ድምፅ ቆሞ ነው የሚዘምረው። ዛሬ ሁሉም ሲነሣ እሱ ተቀምጦ ቀረ። አፉን አያለሁ እንጂ ድምፁ አልመጣልኝም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጫማውን አየሁት። የእሑድ ጫማውን፣ የግራውን። በጎኑ በምላጭ ተሰንጥቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጠበበኝ።"

"ሃያ ዓመት ያደረግከው ጫማ ዛሬ ጠበበህ?"

"እግሬ አደገ።"

"በሰባ አራት ዓመትህ?"

"እኔ ዘግይቼ ነው የማድገው። እማማ ራሷ ትለው ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። መኪናው ጋ እስኪደርስ ግን አጥር ተደግፎ ሁለቴ ቆመ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት? ወይስ ሁሉም አይቶ ዝም አለ?

ኤፕሪል 1፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ሳምንት። ሠላሳ አራት ሰው መጣ። ደም ግፊቱን አስለካ፣ ጣቱን ተወግቶ ስኳሩን አየ፣ ብስኩቱን በላ፣ ሄደ። ቡባ ብቅም አላለ።

ማርሴለስ ዕቃውን እየሰበሰበ፦ "ሚስ ቨርኔል፣ ሠላሳ አራት ሰው መጥቶ ሁለት እግር ነው ያየሁት። ሁለቱም የእርስዎ ናቸው።"

"እንዴት ናቸው?"

"የሚያምሩ እግሮች ናቸው። ግን ወንዶቹስ? ጫማ አውልቁ ስላቸው ሱሪ አውልቁ ያልኳቸው ይመስላሉ።"

"እዚህ አገር ሰው እግሩን የሚያሳየው ለእናቱና ለጌታ ነው" አልኩት።

እንዲሁ ለቀልድ ነበር ያልኩት።

ኤፕሪል 2

ለጌታ… ለጌታ! የበቆሎ ገንፎዬን እያማሰልኩ ሳለ መጣልኝ። አረረ። ይረር!

ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ እግር እንተጣጠባለን። ጫማ የማያወልቅ ዲያቆን የለም። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ መሃል ላይ አንሶላ። በቀኝ በኩል ያለው ሳፋ ጋ ማርሴለስ ቢንበረከክስ?

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ፓስተር ቢሮ ሄድኩ። ማርሴለስን በስልክ አገናኘኋቸው።

"እህት ቨርኔል፣ ሥርዓቱን ክሊኒክ ሊያደርጉብኝ ነው?" አሉ ፓስተር።

"ክሊኒኩን ሥርዓት ላድርገው ብዬ ነው እንጂ።"

 ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። እሺ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ማርሴለስ በስልኩ ውስጥ፦

"እኔ በድብቅ አላደርገውም። ሰው ሳያውቅ እግሩን መመርመር ስርቆት ነው። ድሮ ሐኪሞች በእኛ ሰው ላይ ሳያስፈቅዱ ምን ምን እንደሞከሩ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ከተነገራቸው እመጣለሁ፣ ካልተነገራቸው አልመጣም።"

"ከተነገራቸውማ ቡባ አይመጣም!" ብዬ ጮህኩ። ቡባ ማለት አልነበረብኝም። አመለጠኝ።

ፓስተር ቀና ብለው አዩኝ። "ነገሩ ስለ ሁላችን ነው ወይስ ስለ ዲያቆን ሆሴዕ?"

ምን ልበል? ስለ ሁላችንም ነው። ስለ ቡባ ነው። ሁለቱም አንድ አይደለም እንዴ?

በሆሣዕና እሑድ ከመድረክ ይነገራል ተባለ። ሁለት ወንዶች ተባበሩብኝ። ይሄ ነው እንግዲህ አጋርነት!

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ቡባ ቤት ሄድኩ። የእማማና የፓፓ ቤት ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖርበት። ጎመንና የጢስ ሥጋ ይዤለት ነበር። ከሳሎን አላሳለፈኝም። እቤት ውስጥ የጎማ ቦት ጫማ አድርጓል። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም።

"ቦት ጫማ ምን ያደርግልሃል?"

"ይሞቀኛል።"

ሙቀቱ ሰማንያ ዲግሪ ፋራናይት ነው፣ ያልባል። ቤቱ የጥድ ዘይት፣ የኮምጣጤ፣ የምን የምን ይሸታል። ከዛ ሁሉ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ። አልጽፈውም።

"ቡባ፣ አሳየኝ።"

"ስኳር ነካ ነው ያደረገኝ። አለቀ።"

"ፓፓንም ነካ ነበር ያደረገው።"

ፊቱ ተለወጠ። ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። "ሳህንሽን እሑድ እመልሳለሁ" አለ። እኔን! የገዛ እህቱን አስወጣኝ!

ፓፓ ሆስፒታል የገባው የእግሩ ጣት ቆስሎ ነው። የወጣው ያለ እግር ነው። ከዛ የኖረው ሦስት ሳምንት ነው። እኔ ያኔ ቺካጎ ነበርኩ። ለቀብር መጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ለማርሴለስ ስለ ሽታው ነገርኩት። መጻፉን አቆመ።

"ሽታ ካለው ቀን አይሰጥም። ዛሬውኑ ልሂድ?"

"ብትሄድ ምን ይላል መሰለህ? በሩንም አይከፍትልህም።"

ሄደ። በሩን አልከፈተለትም። ማርሴለስ በረንዳው ላይ ቆሞ በመስኮቱ ግማሽ ሰዓት ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲያወራው ቆየ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ በበሩ ሥር ሰደደለት። ማታ ደግሞ ቡባ ትኩሳት አለው ወይ፣ እግሩ ላይ ቀይ መስመር ወደ ላይ ይወጣል ወይ እያለ እኔን ይጠይቀኛል… እኔ በምን አውቄ?

ኤፕሪል 13፣ ሆሣዕና

ፓስተር ከመድረክ ተናገሩ። አንድም ነገር አልሸሸጉም። "ሐሙስ ነርሱ ከእኛ ጋር ይንበረከካል። ዓይኑን አይጨፍንም። ቁስል ካየ ለባለቤቱ ብቻ በጆሮው ይነግረዋል። ያልፈለገ አይምጣ፣ ማንም አይፈርድበትም። ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።"

አሜን የሚል ጠፋ። የላቨርን ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማው።

ቡባ ተነሣ። ከቡራኬው በፊት። ኮፍያውን ገና እቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ደፋ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እያነከሰ በመሃል ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ሳህኔን አልመለሰልኝም።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ



ጠዋት ቡባ ጋ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ነበር።

"አንቺ ነሽ ይሄን ያመጣሽው።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"የእኔን እግር ለማየት ጌታን መጠቀሚያ ታደርጊዋለሽ?"

"አንተ መች አስገባኸኝ! ትሞታለህ እኮ ቡባ! እግርህ በስብሶ ትሞታለህ፣ እኔ ደግሞ ሬሳህን አጥባለሁ! ያኔ ማየቴ አይቀርም!"

ለምን እንዲህ አልኩ? አፌ መቼ ነው የሚያርፈው?

እሱ ግን አልጮኸም። ማሳውን እያየ ማውራት ጀመረ። ለእኔም አይመስልም የሚያወራው።

"ፓፓ አልሄድም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የወሰድኩት። 'ጣት ነው ፓፓ፣ ጣት ብቻ ነው' አልኩት። ወረቀት ሰጡኝ። ላንብብ ስል ጊዜ የለም አሉኝ። ፈረምኩ። ሲነቃ ብርድ ልብሱን ገለጠና አየ። ከዛ እኔን አየኝ። ምንም አላለኝም ቨርኒ። እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም።"

ሠላሳ ዓመት። ሠላሳ ዓመት በአንድ አግዳሚ ወንበር ስንቀመጥ…

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ?"

 እጁን ልይዘው ስል ተነሥቶ ገባ። በሩን ዘጋው።

ኤፕሪል 15

ማክሰኞ ነው። አዳራሽ ሄድኩ፣ ወንበር ደረደርኩ። የላቨርንን ስኳር በሌላ ሰው ስም መዘገብኩ። ማርሴለስ አረመልኝ።

ኤፕሪል 16

ቁርስ የለም። ምሳ የለም። ዛሬ ሦስት ጊዜ በቡባ በር አለፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ መኪናው ቆማለች። አልወረድኩም።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ… ዓርብ ንጋት ላይ የተጻፈ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የመጣው ሰው ከዓምናው ይበዛል! ማን አሰበው? ለነገሩ ነርሱ እንዴት እንደሚንበረከክ ለማየትም የመጣ አይጠፋም። ማርሴለስ እጅጌውን ሰብስቦ በአንሶላው ወዲያ ማዶ ገባ። ውኃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። የወንዶቹ መዝሙር ይሰማኛል። ወፍራሙ ድምፅ የለም። አንገቴን አስግጌ በአንሶላው ጠርዝ አየሁ። የቡባ ወንበር ባዶ ነው።

የእኔን እግር የምታጥበው ላቨርን ነበረች። "እግርሽ አላርፍ አለ" አለችኝ።

"ልሂድ።"

"ገና አላደረቅኩልሽም!"

"አንቺ ሳፋውን ስጪኝ።"

ሳፋና ፎጣ ይዤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። መኪና ሳስነሣ ማርሴለስ እጁን በሱሪው እየጠረገ ከኋላዬ ሲሮጥ አየሁት። በራሱ መኪና ተከተለኝ። ቡባ ቤት ስንደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ካልጠራኝ አልገባም" አለ። "እስኪጠራኝ ግን እዚሁ ነኝ።"

በሩ አልተቆለፈም። ቡባ የፓፓ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ቦቱን እንዳደረገ። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል፣ ክራባቱንም አስሯል። ሊመጣ ለብሶ… መነሣት አቅቶት ይሁን ፈርቶ እንጃ። አልጠየቅኩትም።

ከቧንቧው ለብ ያለ ውኃ ቀዳሁ። ሳፋውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩ።

"ሴት ወንድን አታጥብም። ሥርዓቱን ታውቂያለሽ።"

"ሥርዓቱ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ይሄ የእማማ ቤት ነው።" ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ቋ አለ።

"ተነሺ፣ ቨርኒ።"

"አልነሣም። ደግሞ እነዚህ ጉልበቶች አንዴ ከወረዱ የሚያነሣቸው ሰው እንደሚፈልጉ ታውቃለህ። አንተ ደግሞ መቆም አትችልም። እንግዲህ እዚሁ እንደር።"

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፣ በፓፓ ቀብርም።

የቀኙን ቦት አውልቄ እግሩን አጠብኩ፣ አደረቅኩ። ደህና ነው። ከዛ የግራውን ቦት ራሱ ይዞ ጎተተ። ጎተተ… ካልሲው አብሮ መጣ።

ትንሿ ጣትና ቀጥላ ያለችው ጠቁረዋል። ከሥራቸው ቁስሉ ክፍት ነው፣ አውራ ጣቴን ያስገባል። ቦቱን ሳነሣው ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። ገለበጥኩት። አጭር የጣሪያ ምስማር ወደቀ።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?"

ምስማሩን በእጁ ይዞ እያገላበጠ አየው። "አላውቅም። አልተሰማኝም።" ደግሞ ቆይቶ፦ "ቨርኒ፣ እንዴት ምስማር አይሰማኝም?"

እንደ ሕፃን ነበር የጠየቀኝ። አቀፍኩት። ጉልበቱን፣ ቦቱን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አቀፍኩ። ውኃው ተደፋ።

"ያን ራሰ በራ ጥሪው" አለ።

ማርሴለስ ገባ። ደረቁ ላይ ሳይሆን ውኃው ላይ ተንበረከከ። አየ፣ አሸተተ፣ በእጁ ጀርባ ሙቀቱን ነካ ነካ አደረገ። እውነቱን ነገረው። "ዲያቆን፣ ሁለቱ ጣቶች የሚተርፉ አይመስለኝም። እግሩ ግን ገና የእርስዎ ነው። አሁኑኑ ከሄድን።"

ቡባ ምስማሩን ኪሱ ከተተ።

"ወረቀቱን አነብባለሁ።"

"ከላይ እስከ ታች" አለ ማርሴለስ። "እኔም አጠገብዎ ቆሜ።"

ኤፕሪል 18፣ ስቅለት

ወረቀቱን አነበበ። መነጽሩን አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ማርሴለስ፦ "ይጠብቃሉ፣ ዶክተር" አለው፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ። ጠበቀ!

ሁለተኛው ገጽ ላይ የቡባ ጣት ቆመ።

"'እንደ አስፈላጊነቱ' ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው?"

ሐኪሙ ሲያብራራ ቡባ አልሰማውም። እኔን ነበር የሚያየኝ። ገባኝ። የፓፓን እግር የወሰደችው ቃል ይቺ ናት።

"እስክሪብቶ" አለ። በዳር በኩል በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ ሁለት ጣት። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀስቅሳችሁ ጠይቁኝ። ሐኪሙ አነበበ፣ እሱም ሥሩ ፈረመ። ከዛ ብዕሩን ወደ እኔ ሲዘረጋ ቡባ ነጠቀው።

"እሷ አትፈርምም። በእኛ ቤት ሰው ስለ ሌላው አይፈርምም።"

ራሱ ፈረመ።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ጋ ቆምኩ፣ መቀመጥ አልቻልኩም። ኮሪደሩን ስንት ጊዜ ተመላለስኩ። ላቨርን ጫማዬን ይዛልኝ መጣች። "ሰው እንዴት ሆስፒታል በባዶ እግሩ ይገባል?" ብላ ሰደበችኝ፣ ከዛ ራሷ አደረገችልኝ።

ከሰዓት በኋላ

ሁለት። ሁለት ብቻ።

ሲነቃ ብርድ ልብሱን ገለጠና ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ተመልሶ ተኛ።

ኤፕሪል 29

ማርሴለስ ዛሬ ነገረኝ። በዚያ ሐሙስ በሳፋው ካያቸው ወንዶች መሃል አራቱ ቁስል ነበራቸው። አራት! ማን ማን እንደሆኑ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሜይ 11፣ እሑድ

ቡባ እኔ ቤት ነው፣ እስኪድን። ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር! የበረዶ ሻይ ያለ ስኳር አቀረብኩለት። ቀመሰ፣ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ።

"ይሄ ሻይ ነው ወይስ ቅጣት?"

"ቅጣት ነው። ሳህኔን እስክትመልስ።"

ጠዋት ጠዋት ቦቱን፣ ጫማውን፣ ነጠላ ጫማውን ሁሉ እጁን ከትቶ እየፈተሸ ነው የሚያደርገው። የእኔንም ይፈትሻል። ስለ ፓፓ ደግመን አላወራንም። ትላንት ግን የፓፓን ፎቶ ከግድግዳው አውርዶ መስታወቱን ሲወለውል አየሁት።

ጁን 10፣ ማክሰኞ

ቁርስ፦ አንድ እንቁላል፣ ቁራሽ የበቆሎ ዳቦ፣ ቅቤ። ምሳ፦ ዓሣ፣ የተጠበሰ፣ ሁለት። ኬክ፣ የላቨርን፣ ቀጭን። ቀጭን አልነበረም። ለማርሴለስ የምሰጠው ደብተርም ላይ ይሄንኑ ነው የጻፍኩት። አንብቦ፦ "ሚስ ቨርኔል፣ ሰላጣው የት ሄደ?" አለኝ። "መች መጣና" አልኩት።

አዳራሹ ሞላ። ቅጹ አዲስ ነው፤ እኔና ላቨርን ነን ያረቀቅነው፣ ክሊኒኩ ያተመው። የመጀመሪያው ጥያቄ "ስኳር ነካ አድርጎዎታል?" ይላል። "ዲያቤቲስ" የሚለው ከሥር በትንሹ ነው። ማርሴለስ ሦስት ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ወስደውታል አለ። ወንበር የምደረድረው ግን አሁንም እኔ ነኝ።

የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ቦ ቲምስ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። ሚስቱ ናት እየጎተጎተች ያመጣችው። በሩ ጋ፣ ያችው የቡባ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማርሴለስ ጫማውን እንዲያወልቅ ሲጠይቀው ሳቀበት።

"እኔን ነካ ነው ያደረገኝ፣ ወንድሜ። ጫማ የሚያስፈታ አይደለም።"

 እኔ ልናገር ተነሣሁ፣ እንደ ልማዴ። ቡባ በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ተቀመጥኩ።

በምርኩዙ እየተመረኮዘ ሄዶ ከቦ ፊት ለፊት ወንበር ሳበ። ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ፈታ። ካልሲውን አወለቀ። እግሩን አንሥቶ ቦ ጉልበት ላይ አስቀመጠው፣ በሰው ሁሉ ፊት።

"ቁጠር" አለው።

ቦ ቆጠረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሦስት ላይ ቆመ።

"እኔንም ነካ ነበር ያደረገኝ" አለው ቡባ።

 ቦ የቡባን እግር ቀስ አድርጎ ወደ መሬት አወረደና የራሱን የጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።